ወላዷን ከነወጓ መቀበል

ለምእመናንና ለካቴኪስቶች የቀረበ ትምህርት



ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ፣ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ብሥራቱን ከተቀበለች በኋላ ወደ ተራራማው የይሁዳ አገር ፈጥና እንደ ሄደችና በኤልሳቤጥ ቤት ሦስት ወር ያህል እንደ ተቀመጠች ይተርክልናል (ሉቃ. 1፥39-56)። ይህን ክፍል ስናነብ ልባችን ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በእመቤታችን የምስጋና ጸሎት ላይ ነው። ነገር ግን ልናስተውለው የሚገባ ሌላም ቁም ነገር አለ። በስተርጅና የፀነሰችው ኤልሳቤጥ ብቻዋን አልቀረችም፤ ዘመዷ ዳገቱን ወጥታ ወደ እርሷ መጣች፣ በቤቷም አብራት ቆየች። ርዳታ ኤልሳቤጥን ያገኛት በራሷ ደጅ፣ በራሷ ወግና በራሷ ቋንቋ ነው።

እኛም የምንኖረው በተራራማ አገር ነው። ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አድርጎ ወደ ጃናሞራና ወደ በየዳ የሚዘልቀውን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ፣ አንዲት ምጥ የያዛት እናት ከጎጆዋ እስከ ጤና ጣቢያ ለመድረስ ምን ያህል ዳገትና ቁልቁለት እንደሚጠብቃት ይረዳል። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ግን የእግሩን መንገድ ብቻ አይደለም። በእናቲቱ ወግና በሐኪሙ ክፍል መካከል ያለውን፣ በዓይን የማይታየውን መንገድ ጭምር ነው።

1. ሁለት ወሊዶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት በደጋው ወገን ወደሚገኝ አንድ መንደር ለአገልግሎት በሄድን ጊዜ ሐዘን የተቀመጠች አንዲት ወጣት እናት አገኘን። የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በጤና ተቋም ነበር። በዚያን ዕለት እናቷና አማቷ ከበር ውጭ ቀሩ፤ እርሷ ለብቻዋ ገብታ በጠባብ አልጋ ላይ በጀርባዋ ተኛች፤ በማታውቃቸው ሰዎች ፊት ገላዋ ተገለጠ፤ በምጧ መካከል የእመቤታችንን ስም የሚጠራላት ሰው አልነበረም። ልጇ በደኅና ተወለደ። ሕክምናው በሕክምናነቱ ጉድለት አልነበረውም።

ሁለተኛውን ባረገዘች ጊዜ ግን ከቤቷ እንደማትወጣ ቁርጡን ተናገረች። ምጡ በሌሊት መጣ፤ ነግቶም መሽቶም አልተፈታም። በመጨረሻ የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው አደረሷት። እርሷ ተረፈች፤ ሕፃኑ ግን አልተረፈም። እኛም «ልጄ፣ ምነው ቀድመሽ ሳትሄጂ?» ብለን ጠየቅናት። ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ፣ «አባ፣ ሐኪም ጠልቼ አይደለም፤ እዚያ ሰው አልነበርሁም፤ ቤቴ ግን ሰው ነበርሁ» አለችን።

የምንመልሰው ቃል አጣን። ከዚያ ቀደም «እናቶች በጤና ጣቢያ ይውለዱ» ብለን ደጋግመን ሰብከን ነበርና። ስለ ምን እንደማይሄዱ ግን አንዲት እናት እንኳ ጠይቀን አናውቅም ነበር። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበውም ከሁሉ አስቀድመን የራሳችንን ጉድለት በማመን ነው።

2. ሦስቱ መዘግየቶች

የእናቶችን ሞት የመረመሩ ሊቃውንት ለሞት የሚያደርሱትን ምክንያቶች በሦስት መዘግየቶች ይከፍሏቸዋል። የመጀመሪያው ርዳታ ለመፈለግ ቁርጥ ሐሳብ እስኪደረግ ያለው መዘግየት ነው። ሁለተኛው በመንገድ ላይ ያለው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከደረሱ በኋላ ተገቢው ሕክምና እስኪሰጥ ድረስ ያለው ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ብርቱ ደም በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ እናትን ሊገድል ስለሚችል፣ በማናቸውም ደረጃ የሚባክን ጊዜ ነፍስ ያስከፍላል።

አገራችን በዚህ ረገድ ብዙ መንገድ ተጉዛለች። ጎንደር ራሷ በዚህ ታሪክ ውስጥ የክብር ስፍራ አላት። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቁሞ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ጀመር፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተገኘው ከዚህ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ተመድበው ከቤት ወደ ቤት እንዲያስተምሩ አድርጓል። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናቶች መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100 ወሊዶች መካከል በጤና ተቋም የተፈጸሙት 5 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 ከፍ ብለዋል። በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሚሞቱት እናቶችም በ2000 ከ100,000 ሕያዋን ልደቶች 871 ሲሆኑ፣ በ2016 ወደ 412 ወርደዋል።

ይህ ታላቅ ነገር ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2019 ጥናት ከወለዱት መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ከጤና ተቋም ውጭ መውለዳቸውን መዘንጋት አይገባም። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በየአካባቢው የተፈራረቁት ጦርነትና ግጭትም መንገዱን ይበልጥ አክብደውታል። መንገድ መሥራትና ጸጥታን ማስከበር ከእኛ አቅም በላይ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው መዘግየት ግን በአብዛኛው በልብ ውስጥ የሚገኝ ነው፤ ልብ ደግሞ የካህኑና የካቴኪስቱ የሥራ እርሻ ነው።

3. የአገራችን የወሊድ ወግ

በደጋው ባህል ወሊድ የአንዲት ሴት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ምጥ በያዛት ጊዜ እናቷ፣ አማቷ፣ ጎረቤቶቿና የልምድ አዋላጇ ይሰበሰባሉ፤ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይማጠናሉ። ወላዷ እንደ ተመቻት ትንበረከካለች ወይም ቁጢጥ ትላለች፤ አንዷ ከኋላ ትደግፋታለች፣ ሌላዋ ወገቧን ታሻታለች። ሕፃኑ ሲወለድ እልልታ ይሰማል። የእንግዴ ልጁ በየትም አይጣልም፤ በቤቱ አጠገብ በሥርዓት ይቀበራል። ገንፎ ይገነፋል፣ ቅቤ ይፈሳል፣ ቡና ይፈላል። ጠያቂው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። አራሷ ከከባድ ሥራ አርፋ፣ ከብርድ ተጠብቃ፣ በሰው ተከብባ ትሰነብታለች።

እንግዲህ ይህችው እናት ዘመዶቿ በማይገቡበት፣ ገንፎ በማይሸትበት፣ መንበርከክ በማይፈቀድበት፣ የእመቤታችንን ስም ጮክ ብሎ መጥራት እንደ ረብሻ በሚቆጠርበት ክፍል ውስጥ ብትገባ ምን ይሰማታል? በሕይወቷ ታላቅ በሆነው ቀን እንግዳ ትሆናለች። መልካሙ ዜና ግን ይህ እንዲለወጥ የጤናው ዓለም ራሱ መወሰኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ እናት የመረጠችው ሰው በምጧ ጊዜ አጠገቧ እንዲሆን፣ በአቅሟ እንድትንቀሳቀስና የሚመቻትን አቋቋም እንድትመርጥ፣ በክብርም እንድትስተናገድ መክሯል። በብዙ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች እንዳሳዩትም አጠገቧ ያለማቋረጥ የሚያበረታት ሰው ያላት እናት ምጧ ያጥራል፣ በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድሏም ይቀንሳል። አያቶቻችን በፍቅር ያደርጉት የነበረውን የዛሬው ሳይንስ አረጋገጠው ማለት ነው። በአገራችንም ርኅራኄና አክብሮት የተሞላበት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2015 በተነደፈው የጤናው ዘርፍ ዕቅድ ውስጥ ከዋናዎቹ ዓላማዎች አንዱ ሆኗል፤ በበርካታ ጤና ጣቢያዎችም ለወለዱ እናቶች ገንፎ መገንፋትና ቡና ማፍላት ተለምዷል።

4. በአንዲት ከተማ ብዙ ወግ

የእናቲቱን ወግ እናክብር ስንል ግን የራሳችንን ወግ ብቻ ማለታችን አይደለም። ካቶሊካውያን በጎንደርና በአካባቢዋ ቁጥራችን ጥቂት ነው፤ የምንኖረው በብዙ ወንድሞችና እኅቶች መካከል ነው። ኦርቶዶክሳዊት እናት ወንድ ልጇን በ40 ቀን፣ ሴት ልጇን በ80 ቀን ክርስትና ታስነሣለች፤ እስከዚያ ቀን ድረስም ወደ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። የሙስሊም እናት ልጅ እንደ ተወለደ የጸሎት ጥሪ በጆሮው ይሰማል፤ በሰባተኛው ቀንም አቂቃ ይታረድለታል። እናቲቱም ብዙ ጊዜ በሴት አዋላጅ መረዳትን ትመርጣለች።

ቤተ እስራኤላውያን በወለቃና በሌሎች የጎንደር መንደሮች በኖሩበት ዘመን፣ ወላዷ ከመንደሩ ቤቶች ተለይታ በተሠራች የአራስ ጎጆ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ትቆይ ነበር። አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1984፣ በ1985 እና በ1991 በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎችና ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ሲገቡ እናቶቻቸው የአራስ ጎጆ በሌለበት አገር፣ በማያውቁት ቋንቋ፣ በትልልቅ ሆስፒታሎች ወለዱ። እንግድነት ምን እንደሆነ ከእነርሱ ታሪክ መማር ይቻላል።

ስለዚህ አንዲት አዋላጅ ነርስ በአንድ ቀን ሦስት እናቶችን ብትቀበል ሦስት ልዩ ልዩ ወጎችን ልትቀበል ትችላለች። ሁሉንም በቃሏ እንድታጠና አይጠበቅባትም። የሚጠበቅባት አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «እኅቴ፣ በእናንተ ዘንድ እንዴት ነው? ምን ላድርግልሽ?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ገንዘብ አያስወጣም፤ የተዘጋ ልብ ግን ይከፍታል።

5. ወግን በሦስት መለየት

ወግን ማክበር ማለት ወግ የተባለውን ሁሉ ሳይመረምሩ መቀበል ማለት አይደለም። ነገሩን ለማስተዋል ይረዳን ዘንድ ልማዶችን በሦስት ከፍለን ብንመለከታቸው መልካም ነው።

ሀ. የሚረዱ ልማዶች። የዘመድ አጠገብ መሆን፣ የአራስ ዕረፍት፣ የተሟላ ምግብ፣ ጡት ማጥባት፣ ሕፃኑን ከብርድ መጠበቅ። እነዚህን ልናጠናክራቸውና ወደ ጤና ተቋምም እንዲገቡ ልንጠይቅ ይገባናል።

ለ. የማይጎዱ ልማዶች። እልልታ፣ የእንግዴ ልጅ መቅበር፣ የቡናው ሥርዓት። እነዚህን በአክብሮት መተው ይበቃል። ከአራስ ራስጌ ብረት እንደ ማኖር ያሉት ደግሞ ከፍርሃት የመነጩ ስለሆኑ በእምነት ትምህርት ቀስ በቀስ የሚቃኑ ናቸው። ምጥ የያዛት እናት ፊት ግን የመገሠጫ ጊዜ አይደለም።

ሐ. የሚጎዱ ልማዶች። የመጀመሪያውን ወፍራም ወተት፣ እንገሩን፣ «ቆሻሻ ነው» ብሎ ማፍሰስ፤ ለሕፃኑ ቅቤ ማዋጥ፤ እትብቱን ቅቤ ወይም ሌላ ነገር መቀባት፤ እንጥል ማስቆረጥ፤ ጭስ በሞላበት ጎጆ ውስጥ ሕፃኑን ማስተኛት፤ በተወለደበት ሰዓት ማጠብ። እንገር ለሕፃኑ የመጀመሪያው ክትባት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በሽታን የሚከላከሉ ነገሮችን የያዘ ነውና። እትብቱም ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ይጠበቅ፤ የጤና ባለሙያ ካልሰጠ በስተቀር ምንም አይነካው። በተለይ በደጋው ብርድ ሕፃኑ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይታጠብ፣ ደርቆና ተሸፍኖ በእናቱ ገላ ላይ መታቀፍ ይገባዋል።

እነዚህን የመጨረሻዎቹን ማስተው የምንችለው የመጀመሪያዎቹን ስናከብር ብቻ ነው። ገንፎዋን የናቀባትን ሰው ምክር የምትሰማ እናት የለችም።

6. ስለ ሾተላይ

ባህልና ሕክምና ምን ያህል ሊተጋገዙ እንደሚችሉ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ እንጨምር። በየመንደሩ ልጆቿ በተከታታይ የሚሞቱባት እናት «ሾተላይ አለባት» ትባላለች። ከሞት በኋላ የሚወለደውም ልጅ ካሳ፣ ምትኩ ወይም ማስረሻ ተብሎ ይጠራል፤ በእያንዳንዱ ስም ውስጥ የእናት ዕንባ አለ። ሾተላይ ብዙ ጊዜ እንደ ክፉ መንፈስ ወይም እንደ እርግማን ይቆጠራል፤ እናቲቱም ከሐዘኗ በላይ ሐሜትን ትሸከማለች።

የዛሬ ሐኪሞች ይህንኑ የአገር ስም ወስደው በደም ዓይነት አለመስማማት ለሚመጣው በሽታ ይጠቀሙበታል። እናቲቱ አር ኤች ኔጌቲቭ፣ ፅንሱ ደግሞ ከአባቱ ወርሶ አር ኤች ፖዘቲቭ ሲሆን፣ በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ከእናቱ ደም ጋር ሊገናኝ ይችላል። ያን ጊዜ የእናቲቱ ሰውነት ባዕድ መስሎ የታየውን ደም የሚያጠፋ መከላከያ ያዘጋጃል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚተርፈውና በኋላ የሚፀነሱት የሚጎዱት ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን ይህን የሚከላከል መርፌ አለ፤ በእርግዝና ወቅት በ28ኛው ሳምንት ገደማ፣ ደግሞም ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ልጅ ደጋግሞ የሚሞትበት ምክንያት ሁሉ ይህ ብቻ አይደለም፤ ቂጥኝና ሌሎች በሽታዎችም አሉ። ብዙዎቹ ግን በምርመራ ይለያሉ።

እንግዲህ ካቴኪስቱ አንዲትን እናት «ሾተላይ የሚባል ነገር የለም፣ ከንቱ እምነት ነው» ቢላት በሩ ይዘጋል። «እኅቴ፣ ሾተላይ ያልሽው ነገር ሐኪም የሚያውቀው ነው፤ እርግማን አይደለም፣ የአንቺም ጥፋት አይደለም፤ ደምሽን ተመርመሪ» ቢላት ግን በዚያው ቃል ሕይወትን ሊያተርፍ ይችላል።

7. የአጣጥ ምሳሌ

ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ረገድ ያላት አንድ መልካም ምሳሌ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በጉራጌ ምድር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1969 በሕክምና ሚሲዮን ሲስተሮች የተመሠረተው የአጣጥ ሆስፒታል በ1976 የእናቶች ማረፊያ ከፈተ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ቤቷ ሩቅ የሆነ ወይም ችግር ያሰጋት እናት ምጧ ሳይመጣ አስቀድማ ትመጣና በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ከሌሎች ነፍሰ ጡሮች ጋር ትቀመጣለች። ምጥ ሲይዛት ዳገትና ወንዝ አይጠብቃትም።

ከ1987 እስከ 2008 ባሉት 22 ዓመታት ውስጥ በሆስፒታሉ የተመዘገቡት ከ24,000 በላይ ወሊዶች ተመርምረው ነበር። ወደ ማረፊያው ቀድመው ከገቡት እናቶች መካከል ከ100,000 ወደ 90 ያህሉ ሲሞቱ፣ በቀጥታ ከመጡት መካከል የሞቱት ከ100,000 ወደ 1,333 ይጠጋሉ። ሞተው የተወለዱት ሕፃናትም በመጀመሪያዎቹ ዘንድ ከ1,000 ወደ 18፣ በሁለተኞቹ ዘንድ ወደ 191 ነበሩ። በቀጥታ ከሚመጡት ብዙዎቹ ችግር ከጠናባቸው በኋላ የሚደርሱ ስለሆኑ ልዩነቱ ሁሉ የማረፊያው ውጤት ነው ለማለት አይቻልም። ዋናው ትምህርት ግን ይኸው ነው፤ ቀድሞ መድረስ ነፍስ ያድናል፣ እናቶች ቀድመው የሚመጡትም ሊኖሩበት ወደሚችሉት ቤት ነው። ዛሬ በብዙ የአገራችን ጤና ጣቢያዎች እንዲህ ያለ ማረፊያ ይገኛል። በየአካባቢያችን ያለው ማረፊያ እንጨትና ዱቄት፣ ብርድ ልብስና ጠያቂ አለው ወይስ የለውም? ይህን የመጠየቅ ድርሻ የእኛም ነው።

8. ከእኛ የሚጠበቀው

በመጀመሪያ እንስማ። ከስብከታችን በፊት የወለዱ እናቶችን ሰብስበን «ምን ገጠማችሁ?» ብለን እንጠይቅ፤ የሰማነውንም ለጤና ጣቢያው በትሕትና እናድርስ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጾም በግልጽ እናስተምር። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ጾም አትገደድም። ብዙ እናቶች ግን ይህን ከካህን አፍ ካልሰሙ በቀር ለመብላት ልባቸው አይፈቅድላቸውም። የጤና ባለሙያዋ የምትሰጣት እንክብል በጾም ወራት ተቀምጦ እንዳይቀር የካህኑ ቃል ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ የአደጋ ምልክቶችን እንወቅ። ደም መፍሰስ፣ ብርቱ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ ከ12 ሰዓት በላይ የቆየ ምጥ፤ ከእነዚህ አንዱ ቢታይ ጊዜ ሳይባክን ወደ ሕክምና ይኬድ።

አራተኛ፣ ሕፃን ለሞት በሚያሰጋው ጊዜ ስለሚደረግ ጥምቀት ምእመናን ይወቁ። ካህን ወይም ዲያቆን ካልተገኘ ማንኛውም ክርስቲያን፣ አባት ወይም እናት እንኳ ቢሆኑ፣ ንጹሕ ውኃ በሕፃኑ ራስ ላይ በማፍሰስ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ሊያጠምቅ ይችላል። በኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ዘንድም እንዲህ ያለ አስጨናቂ ጊዜ ሲደርስ የ40ው ወይም የ80ው ቀን አይጠበቅም። ስለዚህ «ሳይጠመቅ እንዳይሞት ወደ ሆስፒታል አይሂድ» የሚለው ፍርሃት ይወገድ። ካቴኪስቱ የሌላ እምነት ቤተሰብ ባጋጠመው ጊዜ የራሳቸውን የሃይማኖት አባት ለመጥራት ይፍጠን።

9. ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

ሀ. በመንደራችን እናቶች ወደ ጤና ተቋም ከመሄድ የሚታቀቡት ስለ ምንድን ነው? ይህን ከማን ሰማን?

ለ. በአካባቢያችን ካሉት የወሊድ ልማዶች የሚረዱት፣ የማይጎዱትና የሚጎዱት የትኞቹ ናቸው?

ሐ. ከእኛ የተለየ እምነት ወይም ወግ ያላትን ጎረቤት በወሊዷ ጊዜ እንዴት ልንረዳት እንችላለን?

መ. የቁምስናችን ማኅበር ለአንዲት ነፍሰ ጡር ምን ሊያደርግ ይችላል? የሚሸከማት፣ የሚያስከትላት፣ ቤቷን የሚጠብቅላት ማን ነው?

የተወደዳችሁ፤ ያቺ ሐዘንተኛ እናት ከዚያ በኋላ ሌላ ልጅ ፀነሰች። በዚህ ጊዜ አማቷ አብራት ገባች፤ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለአዋላጇ አስቀድማ ነግራላት ነበርና። ገንፎውም ከቤት መጣ። ልጅቱ በደኅና ተወለደች። እኛ ያደረግነው ነገር ቢኖር መጠየቅና መልእክት ማድረስ ብቻ ነበር። እመቤታችንም ወደ ኤልሳቤጥ በሄደች ጊዜ ያደረገችው ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ሄደች፣ ሰላምታ ሰጠች፣ አብራት ተቀመጠች። እንግዲህ እያንዳንዳችን በመንደራችን ያለችውን ኤልሳቤጥ እንፈልግ፤ ደጇን ሳንረግጥ ወደ ሐኪም ደጅ አንስደዳት።